ዘፈኑ የማን ነው?

አሜሪካ ውስጥ አንድ ወጣት ዘፋኝ ከትልቅ የሙዚቃ ኩባንያ ጋር ሲፈራረም መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው ቼኩ ላይ ነው። ኩባንያው ቅድሚያ ክፍያ ይሰጠዋል፤ የስቱዲዮውን፣ የቪዲዮውን፣ የማስታወቂያውን ወጪ ይሸፍንለታል። ይህ ገንዘብ በአብዛኛው ብድር መሆኑ የሚገባው ዘግይቶ ነው። ከሚሸጠው አልበም ለእሱ የሚታሰበው ድርሻ ብዙውን ጊዜ ከመቶ 10 እስከ 15 ሲሆን፣ ያቺም ብትሆን ዕዳው ተቆራርጦ እስኪያልቅ እጁ አትገባም። ዕዳው ካለቀ በኋላ እንኳ ማስተሩ፣ ማለትም ሌላው ቅጂ ሁሉ የሚባዛበት ዋናው ቀረጻ፣ የኩባንያው ሆኖ ይቀራል። የቤቱን ክፍያ አጠናቆ ካርታው በአበዳሪው ስም እንደቀረበት ሰው ማለት ነው።

የ1976ቱ (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ አንዲት በር ከፍቷል። መብቱን ለሌላ ያስተላለፈ ደራሲ ከ35 ዓመት በኋላ ማስተላለፉን ሰርዞ መልሱልኝ ማለት ይችላል። ኩባንያዎቹ ግን ቀረጻ በቅጥር የተሠራ ሥራ ስለሆነ ሕጉ አይመለከተውም እያሉ ይከራከራሉ፤ ጉዳዩም ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ሲንከራተት ኖሯል። በ20 ዓመቱ የፈረመ ልጅ የገዛ ድምፁን ለማስመለስ በ55 ዓመቱ ጠበቃ ሊገዛ ነው።

አኒ ዲፍራንኮ የምትባለው የባፋሎ ልጅ ይህን ውል አልፈረመችም። በ1990፣ ገና 20 ዓመት እንደሞላት፣ የመጀመሪያ አልበሟን በድምፅና በጊታር ብቻ ቀርጻ ራሷ አሳተመችው። ጥቂት መቶ ካሴቶች ነበሩ። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ያወጣቻቸው አልበሞች ከ20 በላይ ሆነዋል፤ የወጡትም ራሷ ባቋቋመችው ኩባንያ ነው። በዚህ ምዕራፍ የምከራከርለት ሐሳብ አንድ ነው፦ የዚህች ሴት ትልቁ ሥራ ዘፈኖቿና ኩባንያዋ ተነጣጥለው ሊታዩ የማይችሉ መሆናቸው ነው። ብዙ ጸሐፊዎች ኩባንያውን አድንቀው ዘፈኑን ረስተዋል። እሷም በዚህ ተቆጥታ ጽፋለች፤ ወደ ቁጣዋ እንደርሳለን።

ባፋሎን ሳያውቁ አኒን ማወቅ አይቻልም። ከተማዋ በኒውዮርክ ግዛት ምዕራባዊ ጫፍ፣ በኢሪ ሐይቅ ዳር፣ ከናያግራ ፏፏቴ ብዙም ሳትርቅ ትገኛለች። በ1825 የኢሪ ቦይ ተቆፍሮ ሲያልቅ የእህልና የንግድ ማዕከል ሆነች፤ ኋላም የብረት ፋብሪካዎች አበለጸጓት። በ1950 ነዋሪዋ 580 ሺህ ነበር። ፋብሪካዎቹ አንድ በአንድ ሲዘጉ፣ በ1983ም አጠገቧ ላካዋና ይገኝ የነበረው ግዙፉ የቤተልሔም ብረት ፋብሪካ ዋና ሥራውን ሲያቆም፣ ሠራተኛው ተበተነ። አኒ ካሴቷን ባወጣችበት ዓመት የነዋሪው ቁጥር ወደ 328 ሺህ ወርዶ ነበር። በ1970 የተወለደችው ልጅ ያደገችው ሰው ጓዙን ጠቅልሎ በሚወጣባት ከተማ ውስጥ ነው። ኋላ ላይ ኩባንያዋን ኒውዮርክ ወይም ሎስ አንጀለስ አልወስድም ያለችው ለዚህ ይመስለኛል።

ጊታር የያዘችው በ9 ዓመቷ ነው። ማይክል ሜልድረም የሚባል የባፋሎ ዘፋኝ አገኛትና ከመምህር ይልቅ እንደ ታላቅ ወንድም ሆነላት፤ በየመጠጥ ቤቱ ይዟት እየዞረ አብራው እንድትጫወት አደረጋት። ሜልድረም ከኒውዮርክ ከተማ የፎክ ዘፋኞችን እየጋበዘ ባፋሎ ውስጥ መድረክ ያዘጋጅ ነበር። ከእንግዶቹ አንዳንዶቹ፣ ሱዛን ቬጋን የመሰሉት፣ ሲመጡ የሚያድሩት በአኒ ቤተሰብ ቤት ነበር። ልጅቷ ዘፋኝነትን ያየችው በቴሌቪዥን አልነበረም። ማታ መድረክ ላይ የዘፈነችው ሴት ጠዋት ወጥ ቤታቸው ገብታ ቡና ስትጠጣ ታያት ነበር። ሙዚቃ ሰው በእጁ የሚሠራውና የሚተዳደርበት ሙያ እንደሆነ ከዚያ ተማረች።

ወላጆቿ ተለያዩ፤ አርክቴክት የነበሩት እናቷ ወደ ኮነቲከት ሲሄዱ አኒ ከባፋሎ አልነቃነቅም አለች። በ15 ዓመቷ በሕግ ራሷን የቻለች ሰው ተብላ ብቻዋን መኖር ጀመረች። ኋላም ኒውዮርክ ሄዳ ኒው ስኩል በተባለው ተቋም ገባች፤ እዚያም ጥቁር አሜሪካዊው ገጣሚ ሴኩ ሰንዲያታ አስተማራት። ሰንዲያታ ግጥምን ጮክ ብሎ፣ በድምፅና በምት የሚናገር ሰው ነበር። የአኒን ዘፈኖች ላዳመጠ የመምህሩ አሻራ ግልጽ ነው፤ ስንኞቿ የተራ ንግግርን እስትንፋስ ተከትለው ይሮጣሉ፣ ይቆማሉ፣ መልሰው ይሮጣሉ። በ2000 የመምህሯን አልበም በራሷ ኩባንያ አሳተመችለት።

አጨዋወቷ ቆም ብለን ልናየው የሚገባ ነው። የፎክ ጊታር ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ለስለስ ያለ ድርደራ ነው፤ አኒ ግን ጊታሩን እንደ ከበሮ ትመታዋለች። ሰው እየጠጣና እያወራ በሚውልበት ቤት ውስጥ ብቻውን የሚጫወት ሰው ካልጮኸ የሚሰማው የለም። ለመሰማት ስትል ክሩን በኃይል መምታት፣ አፈን አድርጎ መልቀቅ፣ ድንገት ዝም ብሎ አድማጩን ማስደንገጥ ለመደች። ጥፍሯ ስለማይችለው ሰው ሠራሽ ጥፍር ለጥፋ ላዩን በኤሌክትሪክ ፕላስተር ትጠቀልለዋለች። የክሮቹን ቅኝት ከዘፈን ወደ ዘፈን ትቀያይራለች፤ የምታገኘው ድምፅም በተለመደው ቅኝት የማይገኝ ነው። እንዲህ ያለው አጨዋወት ዋጋ አስከፍሏታል፤ በ2005 የእጇ ጅማት ታሞ ለወራት ከመድረክ መራቅ ግድ ሆነባት።

የመጀመሪያው አልበም ሽፋን ፀጉሯን ተላጭታ የተነሳችው ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ነው። ውስጡ ያለው ዘፈንም እንደዚያው ያልተሸፋፈነ ነው። ከመካከላቸው አንዱ አንዲት ወጣት ሴት ጽንስ ለማቋረጥ ክሊኒክ ስትሄድ ያየችውንና የተሰማትን ይነግረናል፤ መነሻውም የገጣሚዋ የሉሲል ክሊፍተን ግጥም ነበር። በ1990 በሬዲዮ ይተላለፋል ተብሎ የሚታሰብ ነገር አልነበረም። ስለዚህ በሬዲዮ አልመጣም። ካሴቱ ከመድረክ በኋላ ይሸጣል፤ የገዛው ተማሪ ለጓደኛው ይቀዳለታል፤ ጓደኛው ለእህቱ ይልካል። አኒ በትንሽ መኪናዋ ከኮሌጅ ወደ ኮሌጅ ስትደርስ ቀድመዋት የደረሱት የተቀዱ ካሴቶች አዳራሹን በሰው ሞልተው ይጠብቋት ነበር። ትልልቆቹ ኩባንያዎች ቅጂን እንደ ሌብነት ሲቆጥሩ ለእሷ ግን መንገድ ጠራጊ ሆነላት።

ሥራን በራስ የማሳተሙ መንገድ ከባዶ የተነሳ አልነበረም። ሞዝስ አሽ በ1948 ያቋቋመው ፎክዌይስ ኩባንያ ገበያ የማይፈልገውን ሙዚቃ ሁሉ እያሳተመ ዓመታት ኖሯል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ዘፋኟ ሆሊ ኒር ሬድዉድ ሬከርድስን መሠረተች፤ በ1973 ደግሞ ኦሊቪያ ሬከርድስ በሴቶች ብቻ የሚመራ ኩባንያ ሆኖ ተነሳ። እነዚህ ሴቶች የራሳቸውን አከፋፋዮች፣ የራሳቸውን የመጻሕፍት መደብሮችና የራሳቸውን ፌስቲቫሎች ዘርግተው ነበር። የአኒ ካሴቶች ከመኪናዋ አልፈው መደብር የደረሱት ሌዲስሊፐርና ጎልደንሮድ በተባሉት በእነዚሁ የሴቶች ሙዚቃ አከፋፋዮች በኩል ነው። ዘፋኙ ጆን ፕራይንም በ1980ዎቹ ኦ ቦይ ሬከርድስን ሲጀምር አድማጮቹ ገና ላልታተመ አልበም ቼክ በፖስታ ልከውለታል። የአኒ አዲስ ነገር መጠኑ ነው፦ ከእሷ በፊት በዚህ መንገድ ያን ያህል ርቆ የሄደ የፎክ ዘፋኝ አላውቅም።

ኩባንያዋ ራይቸስ ቤብ ሬከርድስ ይባላል። ስኮት ፊሸር የተባለ የባፋሎ ሰው አስተዳዳሪ ሆኖ ቢሮውን ያዘ፤ እሷ መንገድ ላይ ሆና ትዘፍናለች፣ እሱ ስልክ ያነሳል። የአልበም ሽፋን፣ ፖስተር፣ ካናቴራ የሚታተመው እዚያው ባፋሎ ውስጥ ባሉ ማተሚያ ቤቶች ነበር። ሌላ ቦታ በርካሽ ሊሠራ ሲችል ገንዘቡ ከተማዋ ውስጥ እንዲዞር ተወሰነ። ትልልቆቹ ኩባንያዎች እየመጡ ጠየቋት፤ አልፈርምም አለች።

በ1995 እና በ1996 ያወጣቻቸው ኖት ኤ ፕሪቲ ገርል እና ዳይሌት የተባሉት አልበሞች ዝናዋን ከኮሌጅ ግቢ አወጡት። በ1997 ከቦብ ዲላን በፊት መድረክ እየወጣች ዞረች፤ በዚያው ዓመት የወጣው የመድረክ ቀረጻዋ ሊቪንግ ኢን ክሊፕ የወርቅ ሽያጭ ምስክር ወረቀት አገኘ። ቀጥሎ በ1998 የመጣው ሊትል ፕላስቲክ ካስል በቢልቦርድ ሰንጠረዥ 22ኛ ደረጃ ደረሰ። ቢሮው ባፋሎ ለሆነ፣ የትልልቆቹ ማስታወቂያ ላልደረሰለት ሙዚቃ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ያኔ የንግድ ጋዜጦችና መጽሔቶች መጡ። ፎርብስ ስለ እሷ ጻፈ፤ ከአንድ የአልበም ቅጂ ሽያጭ የምታገኘው ከዝነኞቹ ኮከቦች እንደሚበልጥ እያሰሉ አደነቋት። ሚዝ የተባለው ታዋቂ የሴቶች መብት መጽሔት በ1997 ለ25ኛ ዓመት በዓሉ ከመረጣቸው ሴቶች መካከል ሲያስገባት ምክንያት አድርጎ ያነሳው የንግድ ብልሃቷን ነበር። አኒ ለመጽሔቱ ረጅም ግልጽ ደብዳቤ ጻፈች። ዓመታት ሙሉ ከገንዘብ በላይ የሆነ ነገር አለ እያለች የዘፈነች ሴት በገንዘብ ስትመዘን፣ ያውም በራሷ ወገኖች፣ ምን እንደሚሰማት ነገረቻቸው። ኩባንያውን የመሠረተችው የምትፈልገውን ዘፈን በምትፈልገው ጊዜ ለማውጣት እንጂ ትርፍ ለማስላት አልነበረም።

ደብዳቤውን ሳስበው ልቤ ከእሷ ጋር ነው። ሆኖም አንድ ነገር አለ። ገንዘቡ ባይኖር ዘፈኖቹ ይቀየሩ ነበር። በ1999 ብቻ ሦስት አልበሞች አወጣች፦ በጥር አንድ፣ በግንቦት ከዩታ ፊሊፕስ ጋር አንድ፣ በኅዳር ደግሞ ቱ ዘ ቲዝ የተባለው። ትልቅ ኩባንያ ውስጥ ያለ ዘፋኝ አንድ አልበም አውጥቶ ሁለትና ሦስት ዓመት እሱኑ ይዞ እንዲዞር ይገደዳል። ካርታው፣ ማለትም ማስተሩ፣ የራሷ ስለሆነ ትናንት የጻፈችውን ዛሬ መቅረጽ ቻለች።

ከሦስቱ መካከል ከዩታ ፊሊፕስ ጋር የሠራችው ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል። ፊሊፕስ በ1935 የተወለደ፣ ከጦርነቱ በኋላ ኮሪያ ውስጥ በወታደርነት ያገለገለ፣ ከዚያ መልስ በባቡር እየተሳፈረ ሲንከራተት የኖረ፣ የዓለም የኢንዱስትሪ ሠራተኞች ማኅበር አባል የሆነ ሰው ነበር። ዘፈኖች መካከል የሚያወራቸው ተረቶችና ታሪኮች ከዘፈኑ ይበልጡ ነበር፤ የማዕድን ቆፋሪዎችን፣ የሥራ ማቆም አድማዎችን፣ የተረሱ ሠራተኛ መሪዎችን ታሪክ በሰው ፊት ያስነሳል። አኒ የእነዚህን የመድረክ ወጎች ቀረጻ ተቀብላ ከበሮና ጊታር አስገባችበት፤ በ1996 በአልበም ወጣ። ቀጥሎ በ1999 ከባንዷ ጋር ሰው ፊት አብረው የሠሩት ፌሎው ዎርከርስ ለግራሚ ታጨ። በ60ዎቹ ዕድሜው የነበረውን ሽማግሌ የ20 ዓመት ተማሪዎች ተራ ይዘው ይሰሙት ጀመር። ፊሊፕስ በ2008 እስኪሞት ድረስ እነዚያ ወጣቶች አድማጮቹ ነበሩ። አንድ ዘፋኝ ለታላቁ ከዚህ የበለጠ ምን ሊያደርግለት ይችላል?

ቱ ዘ ቲዝ ላይ ደግሞ ፕሪንስ ይዘፍናል፤ እሷም በዚያው ዓመት በእሱ አልበም ላይ ጊታር ተጫውታለች። የሁለቱ መገናኘት በአጋጣሚ አይመስለኝም። ፕሪንስ ከዋርነር ብራዘርስ ጋር በማስተሩና በስሙ ጉዳይ ሲጣላ ፊቱ ላይ ባሪያ የሚል ቃል ጽፎ አደባባይ የወጣ ሰው ነው። በዓለም ላይ ከሚታወቁት ዘፋኞች አንዱ አጥቶት የሚታገልለትን ነገር ይህች የባፋሎ ልጅ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በእጇ ይዛው ነበር።

ይህ ነጻነት ጉድለትም አለው፤ አድናቂዎቿ ሲናገሩት ስለማልሰማ ልበለው። ቆይ፣ ይህ ዘፈን አልበሰለም የሚል ሰው አጠገቧ አልነበረም። በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000ዎቹ መጀመሪያ ከወጡት አልበሞች ግማሽ ያህሉ ቢቀነስላቸው የቀረው ይደምቅ ነበር። በ2001 ያወጣችው ባለ ሁለት ዲስክ አልበም ውስጥ አንድ ግሩም አልበም ተደብቋል። በ2005 ናክል ዳውንን ስትሠራ ጆ ሄንሪን አብሮ አዘጋጅ አድርጋ ማምጣቷ፣ ሌላ ጆሮ እንደሚያስፈልጋት እሷም እንደተረዳችው ያሳያል፤ አልበሙም ጠንካራ ነው።

ከአድማጮቿ ጋር የነበራት ቅርበትም እንዲሁ ሁለት ስለት ነበረው። ስለ ፍቅር ሕይወቷ፣ ሴትንም ወንድንም ማፍቀሯን ጨምሮ፣ በግልጽ ትዘፍን ነበር። በ1998 ወንድ ስታገባ ከቀደሙት ሴት አድማጮቿ አንዳንዶቹ እንደከዳቻቸው ቆጠሩት። ከዚህ የከበደው በ2013 የመጣው ነው። በሉዊዚያና ግዛት፣ ኖቶዌይ በተባለ የቀድሞ የሸንኮራ እርሻ ባለቤት መኖሪያ ውስጥ አኒ የምትመራው የዘፈን ጸሐፊዎች ሥልጠና ሊደረግ እንደሆነ ተነገረ። ቤቱ የተሠራው በባርነት በተያዙ ሰዎች ጉልበት ነው፤ ከ150 በላይ ሰዎች ለባለቤቱ በባርነት ይሠሩ ነበር። ጥቁር ሴት አድማጮቿ ቀድመው ተቃወሙ። አኒ ዝግጅቱን በታኅሣሥ መጨረሻ ሰረዘች፤ አብራ ያወጣችው ረጅም መግለጫ ግን ከይቅርታ ይልቅ ማብራሪያ የበዛበት ነበርና ቁጣውን አባሰው። ከቀናት በኋላ አጠር ያለ፣ ያለ ሰበብ ይቅርታ ጠየቀች። በእኔ ፍርድ ተቺዎቹ ልክ ነበሩ። ስለ ፍትሕ 20 ዓመት የዘፈነ ሰው ግብዣውን ከመላኩ በፊት ቤቱ የማን ደም እንዳለበት መጠየቅ ነበረበት።

ወደ ባፋሎ እንመለስ። በደላዌር ጎዳና ላይ ከ1870ዎቹ ጀምሮ የቆመ ግዙፍ የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ነበር። ምእመኑ ተበትኖ፣ ድንጋዩ ከግንቡ መውደቅ ጀምሮ፣ ከተማው ሊያፈርሰው ሲዘጋጅ አኒና ፊሸር ገዙት። ዓመታት የፈጀና ሚሊዮኖች ዶላር የበላ እድሳት ተደረገለት። በ2000ዎቹ አጋማሽ ሲከፈት የኩባንያው ቢሮ፣ የሙዚቃ አዳራሽና ሆልዎልስ የተባለው የሥነ ጥበብ ማዕከል አንድ ጣሪያ ሥር ገቡ። ከአልበም ሽያጭ የተገኘ ገንዘብ የአንድ ከተማን ቅርስ ሲያድን ማየት ብርቅ ነው። በ2004 ያገኘችው ግራሚም ለድምፅዋ አልነበረም፤ ኢቮልቭ ለተባለው አልበም ማሸጊያ ንድፍ፣ ከባፋሎው ንድፍ ሠሪ ከብራያን ግሩነርት ጋር የተሸለመችው ነው።

የተጽዕኖዋን ስፋት ለማየት ከእሷ አልበሞች ይልቅ ኩባንያዋ ለሌሎች ያደረገውን መከተል ይሻላል። ቫዮሊን ተጫዋቹ አንድሩ በርድ የ2000ዎቹ መጀመሪያ ሥራዎቹን እዚያ አሳተመ። በካሊፎርኒያ እስር ቤት የነበሩ ሰዎች የጻፏቸው ዘፈኖች በ2020 በአልበም ወጡ። ከሁሉም የሚልቀው ግን የአናይስ ሚቸል ነው። ይህች የቨርሞንት ዘፋኝ የግሪኩን የኦርፌዎስን አፈ ታሪክ ይዛ፣ በ2006 ከአካባቢዋ ሰዎች ጋር በትንሽ መድረክ የሞከረችውን ሥራ ሄድስታውን ብላ ሰየመችው። በ2010 አልበሙን ራይቸስ ቤብ አወጣው፤ አኒ ራሷ የሲኦል ንግሥት የፐርሴፎኔን ድምፅ ሰጠች። ገበያው የሚፈልገው ዓይነት ነገር አልነበረም፦ ስለ ድህነት፣ ስለ ግንብና ስለ ሥራ የሚያወራ የፎክ ኦፔራ። በ2019 ብሮድዌይ ደርሶ ምርጥ የሙዚቃ ድራማ የሚለውን ጨምሮ 8 የቶኒ ሽልማቶችን ወሰደ። በ2024 አኒ ራሷ፣ በ53 ዓመቷ፣ ያንኑ ፐርሴፎኔን ሆና ብሮድዌይ ላይ ተወነች።

የማስተር ጉዳይ ዛሬ የአደባባይ ወሬ ሆኗል። ቴይለር ስዊፍት ከ2021 ጀምሮ የቀድሞ አልበሞቿን እንደገና ቀርጻ ስታወጣ፣ በ2025ም ማስተሮቿን ገዝታ ስታስመልስ፣ ዓለም በሙሉ ጉዳዩን ሰማ። የአኒ መንገድ ግን ዛሬ በቀላሉ የሚደገም አይደለም። እሷ የቆመችው በካሴትና በሲዲ ነበር፤ አንድ አልበም ሲሸጥ ጥቂት ዶላር ይቀራል፣ ያ ዶላር ለቢሮ ሠራተኛ ደመወዝ ይሆናል። ሰዎች ሙዚቃን በኢንተርኔት በነጻ የሚለዋወጡበት ናፕስተር ከመጣ በኋላ የሲዲ ገበያ ሲወድቅ የራሷ ኩባንያም ሠራተኛ ቀንሷል። በኢንተርኔት ዥረት አንድ ጊዜ ለተሰማ ዘፈን የሚከፈለው ከአንድ ሳንቲም ያነሰ ነው። ዛሬ ማንኛውም ወጣት ማስተሩን ይዞ ማውጣት ይችላል፤ በእሱ መኖር ግን ለአብዛኛው አይቻልም። ኩባንያዋም እስካሁን የቆመው እሷ በየዓመቱ መድረክ ላይ ስለምትወጣ ነው።

ሙዚቃዋን ሰምተው የማያውቁ አንባቢ ከየት ልጀምር ቢሉኝ ሊቪንግ ኢን ክሊፕን እላለሁ፤ የአዳራሹ ሕዝብና የጊታሩ ምት አብረው የሚሰሙት እዚያ ነው። ቀጥለው ዳይሌትን፣ ከዚያም ፌሎው ዎርከርስን ያዳምጡ። ከቻሉም አልበሙን ይግዙት፤ ከሚከፍሉት ዋጋ ደህና ድርሻ ለዘፋኟ ይደርሳል።